ጉንዳን የማይወደው ወይን

አስረስ ሞቶ የተገኘው በገዛ የቅምሻ ክፍሉ ውስጥ፣ ሃያ ዓመት ቡና ሲቀምስበት ከኖረው ጠረጴዛ ሥር ነው። ኢንስፔክተር ወርቅአፈራሁ ከሚዛን ተነሥታ፣ ጭቃው መኪናዋን ሁለት ጊዜ ይዞ አላስኬድ ብሏት፣ ሸዋ ቤንች አጠገብ ካለው የቡና ማጠቢያ ስትደርስ እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። የጤና ጣቢያው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ በሩ ላይ ጠበቃት።

«የተባይ መርዝ ነው» አላት። «ናሙናው ይላካል፤ እኔ ግን አልጠራጠርም። ወይኑ ውስጥ ነው የተጨመረው። ጠርሙሱን ያሽትቱት።»

ወርቅአፈራሁ ጠርሙሱን በመሐረብ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። መጀመሪያ ማር ማር አላት። ከማሩ ሥር ግን ገበሬው ቲማቲም ላይ የሚረጨው መድኃኒት ሽታ ተነሥቶ ወጋት። ከሳምንት በፊት የያዛት ጉንፋን ገና አልለቀቃትም፤ እንደዚያም ሆና ሸተታት።

«እኔ እንኳ ሸተተኝ» አለች። «እሱ እንዴት አልሸተተውም?»

አስረስ ማለት አንዲት ሲኒ ቡና ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ ይህ ከወንዙ ማዶ የመጣ ነው፣ ይህኛው ደግሞ ሳይፈለፈል አድሯል የሚል ሰው ነበር። የእሱ ፊርማ ያረፈበትን ቡና ፈረንሳይ ያለው ገዢ ናሙና ሳይጠይቅ ይወስዳል። ሦስት መቶ የሚሆኑ አባወራዎች በኅዳር ጭቃ እሸት ቡናቸውን አዝለው የሚመጡት በዚህ ሰው ምላስ ተማምነው ነበር።

ወርቅአፈራሁ ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ስትሠራ አንድ ልማድ አውጥታለች። ሬሳውን መጨረሻ ላይ ነው የምታየው። መጀመሪያ ያየችው ጠረጴዛውን ነው። አምስት ሲኒ ቡና ቀዝቅዞ ቆሟል። አጠገቡ የነጥብ መስጫ ወረቀት አለ፤ በአስረስ እጅ ተሞልቷል። ከወረቀቱ ግራና ቀኝ ሁለት ማንኪያ። አንደኛው ስሙ የተቀረጸበት የብር ማንኪያ ነው። ሁለተኛው ተራ ማንኪያ ሲሆን ጠርዙ ላይ ቡና ደርቆበታል። የብሩን ማንኪያ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጎድጓዳው ውስጥ ስስ አቧራ ነበር።

ከዚያ ጎንበስ አለች። ብርጭቆው ከወደቀበት ቦታ ወይኑ በሲሚንቶው ላይ ፈሷል። የነጭ ማር ዕቃ ከተቀመጠበት መደርደሪያ ሥር ካለው የግድግዳ ስንጥቅ የወጡ ጥቃቅን ጉንዳኖች መስመር ሠርተው ወደ ፈሰሰው ወይን ይተምማሉ። የፊተኞቹ ዳር ዳሩን ሞተው ተከምረዋል። የኋለኞቹ ግን በሞቱት ላይ እየተራመዱ ይመጣሉ።

«ኢንስፔክተር፣ መቼም ጉንዳን አስረን አንሄድም» አለ ሳጅን ባየ ከኋላዋ። ባየ ቀልድ የሚወድ፣ ነገር ግን ለመሄድ የሚቸኩል ሰው ነው። «ገዳዩን ይዘናል። ሀጂራ ትባላለች፤ የሟቹ ረዳት ቀማሽ ናት።»

«ለምን እሷ?»

«አንደኛ፣ ክፍሉ ውስጥ አብራው የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱን ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ደግሞ…» ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ ወይኑን እንደማትጠጣ የተረጋገጠው እሷ ብቻ ናት። እስላም ናት። ሌላው ብርጭቆ ሲያነሣ እሷ ለስላሳ ይዛ ትቆማለች። ምን ስትሠሩ ነበር ስንላትም አትናገርም።»

«ምንም አትልም?»

«አልገደልኩም ትላለች። ከዚያ ወዲያ ዱዳ ናት። ኮማንደሩ ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቅረብ ብለዋል። ወደ ሚዛን ልከናታል።»

ወርቅአፈራሁ የብሩን ማንኪያ በወረቀት ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ውጭ፣ ከዋንዛው ሥር፣ አቶ ይስሐቅ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የቴፒ ነጋዴ ነው፤ የዚህን ማጠቢያ ቡና ወደ ውጭ የሚልከው እሱ ነው።

«ስለ ወይኑ ይንገሩኝ፣ አቶ ይስሐቅ።»

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለ። «አስረስና እኔ ፈረንሳይ ሄድን። ገዢው እናቱ ቤት ወሰደን። አሮጊቷ የወይን ማሳ አላቸው፤ ከእኔ ግቢ ብዙ አይሰፋም። በዓመት የሚወጣው ለዘመድና ለሁለት ሦስት ምግብ ቤት ተዳርሶ ያልቃል። ገበያ ላይ ቢፈልጉት አያገኙትም። አስረስ አንድ ጉንጭ ቀመሰና ስለ ማሳው አፈር፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚወርድበት ጭጋግ ተናገረ። ማሳውን አላየውም እኮ! አሮጊቷ አለቀሱ። ከጓዳ ይህን ጠርሙስ አውጥተው ‹ማንኪያህን ለሌላ ያስረከብክ ዕለት ክፈተው› አሉት።»

«የዋና ቀማሽነቱን ቦታ ዛሬ ሊያስረክብ ነበር ማለት ነው?»

«በአሥር ሰዓት። አሮጊቷ በደብዳቤ እንዳዘዙት፣ አየር እንዲያገኝ ቡሹን በስድስት ሰዓት ነቅሎ መልሶ ሸጎጠው፤ እንዲቀዘቅዝ ጠርሙሱን ከማጠቢያው ቦይ ውሃ ውስጥ አስቀመጠው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ነበር። ሁላችንም ባጠገቡ አልፈናል፤ ቢጠረጥሩኝ አልቀየምም።»

«ማንኪያውን ለማን?»

«ለሀጂራ። ዓርብ ለእኔም ለወንድሙ ለጥበቡም ነገረን። እኔ አልተስማማሁም። ገዢው የሚያውቀው አስረስን ነው አልኩት።»

«የወይኑ ጣዕም እንዴት ነው?»

አቶ ይስሐቅ ባልጠበቀው ጥያቄ ፈገግ አለ። «እውነቱን ልንገርዎት? እኔ አልወደድኩትም። የወንዝ ድንጋይ የላስኩ ነው የመሰለኝ። ቅንጣት ስኳር የለበትም፤ ጥርስ ያጠርሳል። ደረቅ ነው የሚሉት። አስረስ እዚህ መጥቶ ‹ደረቅ ወይን› ሲል ሠራተኛው ጉድ ነው ያለው። ‹ጋሼ፣ በጆንያ ነው እንዴ የሚቀዳው?› እያሉ።»

ወርቅአፈራሁ ‹ደረቅ› ብላ በእርሳስ ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረች።

የአስረስ ባለቤት እትዬ በየነች ጓዳ ውስጥ ናት። ለድግሱ የተሠራው ወጥ በየድስቱ ቀዝቅዟል። ገና አላለቀሰችም፤ ድስት ትከድናለች፣ መልሳ ትከፍታለች።

«እትዬ በየነች፣ ሰሞኑን የከፋቸው ነገር ነበር?»

«አስረስ አማርሮ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ብሎኝ እንኳ…» ንግግሯን አቋርጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ድሮስ?»

«ድሮማ ለአንዲት ፍንጣቂ ጨው ሳህኑን ይመልስ ነበር።»

«ከሁለት ዓመት በፊት ታመው ነበር?»

«ትኩሳት ነበር። ጉንፋን ነገር። ያኔ ማን ያልታመመ አለ?» አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት። «ለቀስተኛው መጣ መሰለኝ። ይተዉኝ፣ እባክዎ።»

ጥበቡን ያገኘችው ከማስጫ አልጋዎቹ መካከል ነው። ወንድሙ ሞቶ እንኳ ቡናውን ማገላበጥ አልተወም። አስረስ የታጠበውን ቡና ሲይዝ እሱ በደረቅ የሚዘጋጀውን ይዟል። ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፤ እጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ ሲናገር ሰው አያይም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችው ከአልጋው ላይ አንድ ፍሬ አንሥታ፤ ነገሩን ሳታውቀው ቀርታ አልነበረም።

«ደረቅ ነው። እሸቱ ሳይታጠብ ከነገለባው ይሰጣል። ሦስት ሳምንት ፀሐይ ሲመታው ማሩ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።» ፊቱ ለአፍታ በራ። «የአስረስ ቡና ንጹሕ ነው ይላሉ። የእኔ ደረቅ ግን ይጣፍጣል። ደረቅ ሁልጊዜ ይጣፍጣል።»

«ወንድምዎን ማን ገደለው ይላሉ?»

«ያ የፈረንጅ መጠጥ ነው የገደለው። ዘጠኝ ዓመት መደርደሪያ ላይ ከርሞ የሆመጠጠ ነገር ይጠጣል? መርዝ ተጨመረበት ትላላችሁ፤ ራሱ መርዝ ሆኖ ነበር እኮ።»

«ቀምሰውት ነበር?»

«እኔ?» ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «እዚህ ቤት ከአስረስ በፊት ማን ይቀምሳል? ውሃም ቢሆን መጀመሪያ እሱ ነው። ክፍሉን ዘግቶ፣ ብቻውን። ከዚያ ነው ለሰው የሚሰጠው።»

ወርቅአፈራሁ አመስግናው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሀጂራን ከእስር ቤቱ አስጠርታ በቢሮዋ አስቀመጠቻት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ወርቅአፈራሁ ምንም ሳትናገር ሁለቱን ማንኪያዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ይህ የማን ነው?»

«የጋሽ አስረስ።»

«ይህስ?»

«የእኔ።»

«ያንቺን ቡና ነክቶታል። የሳቸው አቧራ ይዟል። ሲኒዎቹ ግን አምስቱም ተቀምሰዋል፤ ነጥቡም በሳቸው እጅ ተጽፏል። እንዴት ነው ነገሩ፣ ልጄ?»

ሀጂራ ሁለቱን ማንኪያዎች በጣቷ አራራቀቻቸው።

«የሚሸታቸውም የሚጣፍጣቸውም ነገር አልነበረም። ከትኩሳቱ ወዲህ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቀመስሽው አንቺ ነሽ።»

«እትዬ» አለች ሀጂራ በቀስታ፣ «ይህን የት ነው የሚጽፉት?»

«መዝገብ ላይ።»

«አይጻፉት። በፈጠረዎት አይጻፉት።» ጣቷ ላይ የጠቀለለችውን ሻርፕ አጠበቀችው። «አንድም ነጥብ አልዋሸሁም። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ። ቡናው እውነት ነው፤ ምላሱ ብቻ ነው የሌላ ሰው። ግን ፈረንጁ የሚገዛው የሳቸውን ምላስ ነው። ይህ ከተሰማ የሁለት ዓመቱ ቡና ሁሉ ውሸት ይባላል። ዘንድሮ ማን ይገዛናል? የሰፈሩ ሰው ሌላ የሚያስረክብበት የለውም። አባቴም እዚያው ነው የሚያስረክበው።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እትዬ በየነች። ሌላ ማንም። ትናንት ማንኪያውን ሲሰጡኝ እንኳ ‹አርጅቻለሁ› ሊሉ ነበር እንጂ እውነቱን ሊናገሩ አልነበረም። ለጋሽ ጥበቡ ይንገሩት ብያቸው ነበር። ‹ለሱ ከምነግረው ብሞት ይሻለኛል› አሉኝ።»

«ወይኑ ውስጥ ማር ጨምራችኋል?»

«ማር? ለምን?»

«ሲጠጡ የት ነበርሽ?»

አሁን ዓይኗ ሞላ። «ጠርሙሱን ከነቡሹ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ‹ሰዎቹን ጥሪ፣ እኔ ልቅመስ› አሉኝ። የሚቀምሱ መምሰላቸው ነበር። ልማዱን ለሰው ማሳየት ነበረባቸው። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሦስት እርምጃ ነው የራቅሁት፣ እትዬ። ቡሹ ሲነቀል እዚያ ብሆን ይሸተኝ ነበር። የሳቸው አፍንጫ እኔ ነበርኩ እኮ።»

ወርቅአፈራሁ መስኮቱን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ነገ ፍርድ ቤት ነሽ። ዝም ብትዪ ዕድሜሽን እስር ቤት ትጨርሻለሽ። ገዳዩን የማገኘው በዚሁ ነገር ነው፤ በሌላ መንገድ የለኝም።»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ እነሱ ሦስት መቶ ቤት ናቸው።»

«ቃል አልገባልሽም» አለች ወርቅአፈራሁ። ይህን ስትል ሀጂራን ማየት አልቻለችም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም በቅምሻ ክፍሉ ተሰበሰቡ። እትዬ በየነች ጥቁር ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አቶ ይስሐቅ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። ጥበቡ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሀጂራ በሁለት ፖሊስ መካከል ሆና ወለሉን ታያለች። ሳጅን ባየ በሩን ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ያ ቀጭን ጠርሙስ ብቻውን ቆሟል።

«ነገሩን ያመጡልኝ ጉንዳኖች ናቸው» ብላ ጀመረች ወርቅአፈራሁ። «አቶ ይስሐቅ፣ ይህ ወይን ቅንጣት ስኳር የለበትም ብለውኛል።»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ጉንዳን ምን ብሎ ይመጣበታል? ይህን ወይን ጉንዳን አይወደውም። የፈሰሰውን ግን ወደዱት፤ እየሞቱም ወደዱት። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ያዝኩት። ሥሩ ላይ ያልሟሟ ነጭ ማር ተኝቷል፤ ከጌጫ መጥቶ እዚያ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው። ማንም ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ማሩን ማን አገኘ ብዬ አልጠየቅሁም። ማር የሚያስፈልገው ማን ነው? ብዬ ነው የጠየቅሁት።»

አቶ ይስሐቅ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«ገዳዩ መርዙን በማር ሸፈነ። ሟቹ እንዳይሸተው፣ እንዳይመረው። ከዚህ ሰው ፊት መርዝ መሸፈን ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ደግሞ አንድ ነገር የማያውቅ ሰው ነው።»

ሀጂራ ቀና አለች። ራሷን በዝግታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ወርቅአፈራሁ አየቻት። ሌላ መንገድ ቢኖር ብላ ሌሊቱን ስታስብ አድራ ነበር፤ አልነበረም።

«አቶ አስረስ ማሽተትም መቅመስም አይችሉም ነበር» አለች። «ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቡናውን ስትቀምስ የኖረችው ሀጂራ ናት።»

እትዬ በየነች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አቶ ይስሐቅ «ምን?» ብሎ ተነሣና ሊናገር የፈለገው ጠፍቶበት መልሶ ተቀመጠ። ጥበቡ አልተነቃነቀም። ከንፈሩ ግን ነጭ ሆነ።

«ሀጂራ ይህን ታውቃለች። እትዬ በየነች ታውቃለች። ከሁለቱ አንዷ ብትሆን መርዙን እንዲሁ ትጨምረው ነበር። ማር ለምን ታባክናለች? አቶ ይስሐቅ ስለ ሕመሙ አያውቁም፤ እንደ ደነገጡም እያየን ነው። ነገር ግን እሳቸው ይህን ወይን ከአቶ አስረስ ጋር ተቀምጠው ጠጥተዋል። ደረቅ እንደሆነ፣ አቶ አስረስም ጣዕሙን እንደማይረሱት ያውቃሉ። ማር ቢጨምሩበት ራሳቸውን ማጋለጥ ነው። ምላሱንም ወይኑንም የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።»

«እኔ የፈረንጅ መጠጥ አላውቅም» አለ ጥበቡ። ድምፁ ከሩቅ የመጣ መሰለ።

«እሱን ነው የምልዎት። ‹ደረቅ› ሲባል ግን ያውቃሉ። ዕድሜዎን የሠሩት ደረቅ ነው። ደረቅ ማለት ለእርስዎ ፀሐይ ላይ የተሰጣ፣ ማሩ ወደ ውስጥ የሰረገ ነገር ነው። ደረቅ ወይን ሲባል ከደረቀ ወይን የተጠመቀ፣ ከሁሉ የሚጣፍጥ መጠጥ መሰለዎት። ቦዩ ጋ ጎንበስ ብለው ሲቀምሱት ጥርስዎን አጠረሰው። ተበላሽቷል አሉ። ‹ወንድሜ ገና ከንፈሩን ሲነካው ይተፋዋል፤ አንድ ጉንጭም አይጠጣ› ብለው ፈሩ። ስለዚህ ‹ደረቅ› የሚጣፍጠውን ያህል አጣፈጡት።»

«አልቀመስኩም ብያለሁ።»

«ትናንት ‹የሆመጠጠ› አሉት። ይህ ጠርሙስ ከማሩ በኋላ ለሁሉም ማር ማር ነው የሚለው። ሆምጣጣ እንደነበር የሚያውቅ ማሩ ከመግባቱ በፊት የቀመሰ ሰው ብቻ ነው። ባየ!»

ሳጅን ባየ በፕላስቲክ የታሸገ ነገር አወጣ። ባዶ የተባይ መርዝ ብልቃጥና ማር የደረቀበት ስንጥር ነበር። «እኔ እንኳ ጉንዳን አይታሰርም ብዬ ቀልጄ ነበር» አለ፤ አሁን አልሳቀም። «ዛሬ ጠዋት ጉንዳኖቹን ተከትዬ ሄድኩ። ከደረቁ ቡና አልጋ ሥር ቆፍረው ይገቡ ነበር፤ ይህም እዚያው ተቀብሮ ነው ያገኘሁት።»

ጥበቡ ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሃያ ዓመት» አለ። «ሃያ ዓመት ‹ጥበቡ፣ አንተ ምላስ የለህም› ይለኝ ነበር። በሠራተኛ ፊት። እሺ ብዬ ዝቃጩንም ገለባውንም ተሸከምኩ። አንድ ቀን ሲደክመው ለእኔ ይሰጠኛል ብዬ። ለትናንት ልጅ ሰጣት። ናቀኝ ብዬ ነው…»

«አልናቀህም» አለች ወርቅአፈራሁ። ‹እርስዎ› ማለቱን ትታለች፤ እሱም ልብ አላለውም። «የሚያስረክበው ነገር አልነበረውም። ማንኪያው እሷ እጅ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሽታውን በማር የሸፈንከው መሰለህ፤ እኔ ጉንፋን ይዞኝ እንኳ ሸትቶኛል። ወንድምህ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ቡሹ ሲነቀል አውቆ ይደፋው ነበር። ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር።»

ጥበቡ ወደ እትዬ በየነች ዞረ። «ለምን አልነገረኝም? ወንድሙ አይደለሁም?»

እትዬ በየነች እጇን ከፊቷ አነሣች። ዓይኗ አሁንም ደረቅ ነበር። «አፍሮ ነው» አለችው። «ሃያ ዓመት ምላስ የለህም ብሎህ፣ የኔም ጠፋ ብሎ እንዴት ይንገርህ? ከሰው ሁሉ ካንተ ነበር የሚያፍረው።»

ሲወስዱት አልታገለም። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ወደ ማስጫ አልጋዎቹ አየና «ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ሸራ አልብሱት» አለ።

ፖሊሶቹ የሀጂራን ካቴና ፈቱላት። እጅዋን አላሻሸችም፣ ከቦታዋም አልተነሣችም። አቶ ይስሐቅን ነበር የምታየው። እሱ ስልኩን አውጥቶ ሳይነካው በእጁ ይዞት ቆሟል።

«ጋሽ ይስሐቅ፣ ነጥቦቹ እውነት ናቸው» አለችው። «ናሙናው መጋዘን አለ። ያስቀምሱት። አንዱም አይሳሳትም።»

«ቡናውን አልተጠራጠርኩም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ለፈረንጆቹ አይጻፉላቸው።»

«ነገ ፍርድ ቤት ይነበባል። እኔ ባልጽፍ ከሌላ ሰው ይሰማል፤ ያኔ እኔም አብሬ ሌባ እሆናለሁ። ሁለት ዓመት በሰው ፊርማ ቡና ሸጣችሁ እኮ።» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይሄ ነው ሀጂራን የሰበራት። «ዛሬ እሸት መቀበል አቁሙ። መጋዘን ያለውንም ማን እንደሚወስደው አላውቅም።»

ሀጂራ ወደ ወርቅአፈራሁ ዞረች። ትሰድበኛለች ብላ የጠበቀችው ኢንስፔክተሯ ነበረች። ሀጂራ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት፤ መንገድ ላሳየ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው፣ በትሕትና።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወርቅአፈራሁ ወደ መኪናዋ ስታመራ ገበሬዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። እንደ ወትሮው ቀኑን ሲለቅሙ ውለው በቅርጫትና በማዳበሪያ ጆንያ ቀዩን እሸት ተሸክመው መጥተዋል። ዘበኛው «ዛሬ የለም፣ ተመለሱ» ይላል። የሚመለስ ግን አልነበረም፤ ለቅሶ ስለሆነ ነው ብለው ነገሩ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ከሰልፉ ፊት ሆሳዕና የሚሏት አሮጊት ቆማለች። ከግቢው የወጣችውን ሀጂራን ስታይ ፊቷ በራ።

«ልጄ መጣሽ! ፈቱሽ? እሰይ፣ እሰይ። ዘበኛው አንቀበልም አለ። አንቺ ንገሪው እስቲ።»

ሀጂራ ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ አነሣች። ነከሰችው፤ ጭማቂውን በምላሷ ይዛ ጥቂት ቆየች። ፍሬውን ወደ መዳፏ ተፋች።

«ከወንዝ ማዶ ነው አይደል? ከላይኛው ጥግ፣ ጥላ ካለበት።»

«አዎ! እንዴት አወቅሽ?»

«ጥሩ ነው፣ እማማ። ዘንድሮ ከቀመስኩት ሁሉ ጥሩው ነው።»

«ታዲያ ተቀበይኛ።»

ሀጂራ ፍሬውን መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችው። «ይዘውት ይመለሱ» አለቻት።

አሮጊቷ ቅርጫቱን አየች፣ ሀጂራን አየች። እሸት ቡና ሳይፈለፈል ካደረ እንደሚሆመጥጥ ሁለቱም ያውቃሉ። አሮጊቷም አልተከራከረችም። ጎንበስ ብላ ቅርጫቱን ስታዝል ሀጂራ ከኋላ ሆና አነሣችላት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ወርቅአፈራሁ «ቤትሽ ላድርስሽ?» ልትላት አፏን ከፍታ ተወችው። መኪናዋን አስነሥታ በሰልፉ ጎን በቀስታ ወረደች። ከእሷ ፊት ወደ ቤታቸው የሚመለሱት መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ ከሸክማቸው የሚንጠባጠበው ጭማቂ ጭቃው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይተዋል። መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

ጉንፋኑ የለቀቃት ያን ሰዓት ነው። ከየጀርባው ላይ መሆምጠጥ የጀመረው ቡና፣ እስከ ሚዛን ድረስ፣ መንገዱን ሁሉ ሸተታት።